ስድሳው ጆንያና ሁለቱ ፕሮግራሞች

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ሶኬት ሊጠግን የመጣውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ የተላከ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው ብዬ ሶፋ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰበብ ካስፈለገ አለኝ። ሥራ አስኪያጃችን «ዛሬ ባለሙያ ይመጣል፤ ችግራችንን ሳትደብቅ ንገረው» ብሎኝ ወጥቶ ነበር። ሰውየው ደግሞ ጥቁር ቦርሳ አንግቦ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ ገባ። የሮቤን ብርድ ያልለመደ እንግዳ መሰለኝ። ሻይና ቦምቦሊኖ አስመጣሁለት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ ስለ ሌጀሩ፣ ስለ ቫውቸሩ፣ ስለ ቅርንጫፍ መጋዘኖቻችን አስረዳሁት። ሲያዳምጥ ግሩም ነበር። ቦምቦሊኖውን ጨርሶ ጣቱን በሶፍት ጠረገና፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

«ሺህ ጠይቅ።»

«ጆንያው መጀመሪያ የሚጻፈው የት ነው?»

«መጋዘን ነዋ። ቢን ካርድ የምንለው፣ ክምሩ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለ። እዚያ ይጻፋል። ቀጥሎ ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣና እኔ ደግሞ በሌጀሬ እጽፈዋለሁ።»

«ሁለቱ ሲጣሉስ ማንን ታምናላችሁ?»

«እኔን» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ራሱን ነቀነቀና ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «እሺ። የተቃጠለው ሶኬት ታዲያ የትኛው ነው?»

ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። የሚያናድደኝ ግን ቦምቦሊኖው አይደለም። በዚያ ወር ከተጠየቅሁት ሁሉ ዋናውን ጥያቄ የጠየቀኝ ያ ሰው መሆኑ ነው።

ያኔ ሮቤ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ስንዴና ገብስ እንሰበስባለን፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እናከፋፍላለን፤ ኮምባይነር እናከራያለን። አገሩ ሁሉ ቢፒአር በተባለው የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ የሚታመስበት ጊዜ ነበር። ግማሹ ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ነው፤ ግማሹ ከሥልጠና ተመልሶ አበሉን ያሳድዳል። ለእኛም «ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ግቡ» የሚል መመሪያ ወረደልን። ምርጫው ሁለት ነበር።

አንደኛው ሂሳብ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በአንዲት ሲዲ ይመጣል። እኔ ክፍል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ የይለፍ ቃሉም እኔ ራስ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው ድርጅቱን በሞላ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። መጋዘኑን፣ ግዢውን፣ ሽያጩን፣ ደመወዙን፣ የኮምባይነሩን ነዳጅ ሳይቀር ከሂሳቡ ጋር በአንድ ገመድ ያስራል። መጋዘን ላይ አንድ ጆንያ ሲወጣ እኔ ሳልጽፈው ሂሳቡ ላይ ይታያል። ዋጋው ግን የትንሹ ብዙ እጥፍ ነው።

እኔ የምፈልገው ትንሹን ነበር። ለሰው የምነግረው ምክንያት ሞልቶኛል። ርካሽ ነው። በሳምንት ይለመዳል። መብራት እንዲህ በሚጫወትበት አገር አምስት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከሚጨልም አንዱ ቢጨልም ይሻላል። ሁሉም እውነት ነው። ለሰው የማልነግረው ደግሞ አንድ ነበር፤ ብቻዬን የነገሥኩበትን ሌጀር ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም። ሚስቴ «ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ደብተርህን፣ ቀጥሎ ልጆቹን፣ ጊዜ ከተረፈህ እኔን ታወጣለህ» ትለኝ ነበር። እኔም «ልጆቹ ራሳቸው ይሮጣሉ» እላት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

የመጋዘን ኃላፊያችን በአርባዎቹ አጋማሽ ያለች ሴት ነበረች። አባቷ እህል ነጋዴ ስለነበር ጆንያ በዓይኗ መዝና ኪሎውን ትናገራለች። እኔ በአገሬው ኦሮምኛ «አዴ»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ እላታለሁ፤ እሷ «ጋሼ» ትለኛለች። በዚያ ዓመት ቆጠራ የእኔ ሌጀርና የእሷ ካርድ በስድሳ ጆንያ ማዳበሪያ ተለያዩ። እኔ ጋ አለ፤ እሷ ጋ የለም። ክምሩ ተቆጠረ፤ እዚያም የለም። ስለዚህ ጎደለባት ተባለ። ቦርዱ የአንድ ወር ጊዜ ሰጣት። ካልተገኘ ከሥራ ትወጣለች፣ ነገሩም ወደ ሕግ ይሄዳል። ስትቀጠር ዋስ የሆናት ጎባ ያለ አጎቷ ነው፤ ያስያዘውም የሚኖርበትን ቤት ነው።

የፕሮግራሙ ነገር ከእሷ ነገር ጋር የተጋባው እዚህ ላይ ነው። ትንሹ ከተገዛ መነሻ ቁጥሮቹ ከእኔ ሌጀር እንዳሉ ይገለበጣሉ። ስድሳው ጆንያ በስሟ ጉድለት ተብሎ ይገባል፤ የድሮው ደብተር ታሽጎ ቁምሳጥን ይወርዳል። ትልቁ ከተገዛ ግን እያንዳንዱ ገቢና ወጪ ከነወረቀቱ፣ ከእሷ ካርድ ጎን ለጎን እየታየ እንደ አዲስ ይገባል።

ይህ ነገር ከእኔ በፊት የገባው ለእሷ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከመውጣቱ ሳታንኳኳ ገባች።

«አካም ቡልታን፣ ጋሼ?» አለች፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ አዴ፣ ነጋ» አልኳት፤ ሰላም ነው ማለቴ ነው።

«ምን ነጋ አለና! ትንሹን ሊያስገዙ ነው አሉ።»

«ትልቁ ውድ ነው።»

«እኔስ ርካሽ ነኝ?»

እስክሪብቶዬን መፈለግ ጀመርኩ። እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር።

«ዋላሂ፣ ጋሼ፣ ስድሳ ጆንያ በቀሚሴ ሥር ይዤ አልወጣሁም። መኪና ይፈልጋል። መኪና ደግሞ በር ላይ ይጻፋል። ዘበኛውን ይጠይቁት።»

«ሌጀሩ ግን...»

«ሌጀሩ፣ ሌጀሩ! ሌጀሩ ጆንያ ተሸክሞ ያውቃል? የእኔ ካርድ ክምሩ ላይ ነው የሚያድረው። እርስዎ መጋዘኑን ከረገጡ ስንት ጊዜዎ ነው?»

አሰብኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ነበር።

«ትልቁ ካርዴን ያያል» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

እሷ ከወጣች በኋላ ወንበሬ እሾህ አበቀለ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ሳልገልጠው እመልሳለሁ። እስከ መጋዘኑ በር ሄጄ ሳልገባ እመለሳለሁ። በአራተኛው ምልልስ ዘበኛው አዘነልኝና፣ «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ በጀርባ በኩል ነው» አለኝ። ሰውነቴ ከጭንቅላቴ በፊት አንድ ነገር አውቆ ነበር። ከሐምሌ ወር ወረቀቶች ውስጥ አንዱ፣ «ጎሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ባሰብኩት ቁጥር ይቆረቁረኛል። አውጥቼ ላየው እችል ነበር። ቁምሳጥኑ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ እውነተኛዋ ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት። በስስ ሸሚዝ ከአዲስ አበባ ስለተነሳች የእኛ ንፋስ ጥርሷን ያፋጫል። ጠዋት የተቃጠልኩ ሰው ነኝና ጠንቀቅ ብዬ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ልትጠግኚ ነው?» አልኳት።

«እናንተን» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስቆ ኮቱን አለበሳት። ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተችና፣ ትልቁ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ እንድናይ በአንድ የዕቃ ዓይነት እንሞክር አለች።

«በባቄላ ዘር እንሞክር» አልኩ ፈጠን ብዬ። ባቄላ ላይ ምንም ጠብ የለንም።

«በማዳበሪያ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። መጋዘን ኃላፊዋ ካርዶቿን በፌስታል ይዛ ቆማለች።

«በማዳበሪያ ይሁን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ባሌ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዘራለን። የበልጉ በመጋቢት ግድም ተዘርቶ በሐምሌ ይታጨዳል፤ የመኸሩ የበልጉ እየተነሳ ይዘራና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። ልክ ከበልጉ የተረፈው ማዳበሪያ የመኸሩን ዘር እየጠበቀ በተቀመጠበት ሰዓት። ትራፊው አንድ እግሩን ባለፈው ዓመት፣ አንድ እግሩን በአዲሱ ዓመት ያቆማል። ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ እግር ይቆጥራል።

ባለሙያዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አስገባች። የእኔን ታነባለች፤ መጋዘን ኃላፊዋ ከካርዷ ትመልሳለች። የሐምሌ ላይ ደረስን።

«ስድሳ ጆንያ ገቢ» አለች ባለሙያዋ። «ከየት ነው የመጣው?»

«ከጎሮ ቅርንጫፍ መጋዘን። በአይሱዙ» አለች መጋዘን ኃላፊዋ።

ባለሙያዋ ጻፈች። ማሽኑ ቀይ መስመር አወጣ። እንደገና ጻፈች። እንደገና ቀይ።

«ጎሮ ላይ ቀሪ የለም ይላል። ከሌለበት ቦታ እንዴት ይመጣል? ሰኔ ላይ ስትዘጉ ሁሉንም እዚህ ሮቤ አስገብታችሁ ጎሮን ባዶ አድርጋችሁታል።»

በዚያ ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ሰኔ ሠላሳ ላይ ዓመቱን ስዘጋ፣ ጎሮ የተቀመጠውን የበልግ ትራፊ «ያው የእኛው ነው» ብዬ ከሮቤው ክምር ጋር ደመርኩት። ሐምሌ ላይ ጎሮዎች ያንኑ ስድሳ ጆንያ ጭነው ሲመልሱ፣ አዲስ የመኸር ማዳበሪያ እንደመጣ አድርጌ ደግሜ ጻፍኩት። በእጅ ያለው ስድሳ ነው፤ በእኔ ሌጀር መቶ ሃያ ሆነ። እሷ የያዘችው ያለውን ብቻ ነው። የጎደለባት፣ እኔ የፈጠርኩት ስድሳ ነው።

ታዲያ ምን አልኩ? በዕድሜዬ ካልኳቸው ነገሮች ሁሉ የማፍርበትን።

«ፕሮግራሙ የባሌን ሁለት አዝመራ አያውቅም» አልኩ።

ግማሹ እውነት ስለነበር ውሸቱ አማረበት። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። ባለሙያዋ ማስታወሻ ያዘች። መጋዘን ኃላፊዋ ግን ካርዶቿን እያስተካከለች አየችኝ።

«እሱስ አያውቅም። እርስዎስ?»

መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ኖሮ አብሮ ሄደ። መብራት ኃይልን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለሙያዋ «ነገ ጠዋት ከቦርዱ ስብሰባ በኋላ እንጨርሰዋለን» አለች።

ወጣሁ። እግሬ መቆም አልቻለም። ገበያውን ዞርኩ፤ ምንም በማልገዛበት ሱቅ ሁሉ ዋጋ ጠየቅሁ። ከዚያ ጋሪ ላይ ወጣሁ።

«የት ላድርስዎት?» አለኝ ባለጋሪው።

«ቀጥ በል።»

«ቀጥ ያለው ስንዴ ውስጥ ይገባል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዙር።»

ሦስት ጊዜ ዞርን። በመጨረሻ ባለጋሪው አንገቱን መልሶ አየኝና፣ «ፈረሱ ደክሞታል፤ እርስዎን ያሳደደዎት ነገር አልደከመውም?» አለኝ።

ጋሪው ላይ ስንገጫገጭ የሠራሁትን ሂሳብ ልናዘዝ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ነገ ቦርዱ ፊት «ትንሹ ይሻላል» ብል ማንም አይገረምም፤ ወር ሙሉ ስለው የከረምኩት ነው። ሌጀሩ ይታሸጋል፤ ቀዩ መስመር ተረስቶ ይቀራል። እሷ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች። የአጎቷንም ቤት በእውነት የሚወስድ የለም፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታለፋል። ሰው ለራሱ ሲሟገት እንዴት ያለ ጠበቃ ይወጣዋል! ችሎት ቆሜ ቢሆን ራሴን በነፃ አሰናብቼ ካሳም ለራሴ እጨምር ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ የቀዘቀዘ ምሳዬን አቀረበችልኝ። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ።

«ምን ሆነሃል? ቁንጫ ነው?»

«ስድሳ ቁንጫ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። በሌላ ነገር ቢሆን አፏ አይለቀኝም ነበር። ያን ዕለት ግን «ሴትዮዋ ልጆች አሏት?» ብቻ አለች። «ሦስት» አልኩ። ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ቦርዱ ተሰበሰበ። የቦርዱ አባላት ገበሬዎች ናቸው። ሰብሳቢው ከሲናና በኩል የመጡ፣ ትልቅ ኮት በጋቢ ላይ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። መጋዘን ኃላፊዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ምርጫ አስረዳና ወደ እኔ ዞረ።

«ሂሳብ ክፍል ምን ይላል?»

«ትልቁ ይገዛ» አልኩ።

ሰብሳቢው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እንዴ! እስከ ትናንት ትንሹ ይሻላል ስትል አልነበረም?»

«እስከ ትናንት ትንሹ ይሻለኝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁ። «ስድሳ ጆንያ አልጠፋም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከጎሮ የመጣውን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዴ በሰኔ፣ አንዴ በሐምሌ። የእሷ ካርድ ልክ ነው። ትልቁ ፕሮግራም ትናንት ቀይ መስመር ያወጣው በእኔ ላይ ነው።»

ሰብሳቢው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ በዓመት ሁለቴ ዘርተን ሁለቴ እናጭዳለን። አንተ አንዴ ዘርተህ ሁለቴ አጨድክ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አቶ ሰብሳቢ።»

«ታዲያ የሚገዛው ፕሮግራም ለምንድነው? አንተን ማሳው ላይ እንዝራህ እንጂ!»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ብቻ አልሳቀችም። ሻሿን ወደ ዓይኗ ጎትታ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሰማኋት፤ ደጋግማ፣ በዝግታ።

የእሷ ጉዳይ ያኔውኑ ተዘጋ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጣት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የሚገባኝ ነበር። ትልቁ ሥርዓትም ተገዛ። ተገዛ ስል ግን ሠራ ማለቴ አይደለም። ወግ እስኪይዝ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ ወር ለዘበኛው የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ አወጣለት፤ ዘበኛው ያን ወር ዛሬም ይናፍቃል። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠረጴዛ ሥር ትንሽ ደብተር ደብቄ እጽፍ ነበር። አንድ ሱቅ ያለው ወዳጄ የቱን ልግዛ ሲለኝ ያለማወላወል «ትንሹን» ብዬዋለሁ። ሻጩም፣ ዕቃ ጠባቂውም፣ ጸሐፊውም እሱ ራሱ ነው፤ ከማን ጋር ይታረቃል? አንዱ የሚሸከመውን ሌላው የሚጽፍበት ቤት ግን ሁለቱ በአንድ መስኮት ቢተያዩ ይሻላል። ውድ ቢሆንም።

ደብዳቤውን በተቀበለች በሦስተኛው ቀን መጋዘን ኃላፊዋ ክፍሌ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። እኔ ጨርሻለሁ። አጎቴ ነው የቀረው።»

«ደብዳቤውን አላሳየሽውም?»

«ወረቀት አያምንም። ወረቀት ነው ሌባ ያለኝ ይላል። ጎባ ውስጥ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር፤ ወሬው ከተሰማ ወዲህ ለሽምግልና ሲጠሩት አሞኛል እያለ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄደው በአፍዎ 'ጥፋቱ የእኔ ነበር' ይበሉት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ጋሼ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «እኛ ኢንሻአላህ የምንለው ለመሄድ ነው። ለመቅረት አይደለም።»

ይህን ካለችኝ ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያ የበጀት መዝጊያ ነው አልኩ። ቀጥሎ ዝናብ ነው፣ ቀጥሎ ጾም ነው፤ የእኔ ሲያልቅ የእነሱ ገባ። ሽማግሌው አጎቷ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው ይባላል። ቦርድ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን ለአንድ ሰው መድገም ምን እንዳከበደብኝ አላውቅም። ምናልባት እዚያ ቤት የሚስቅልኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ነበር። ረዳቱ «ጎባ! ጎባ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«አባባ፣ ይገባሉ?»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኩት።